በጭቃ የታሸገው ድንጋይ

አባቴ ሰው አያምኑም። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ሲነገርላቸው ደስ ይላቸው ነበር። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉና ጢማቸውን ዳሰስ ያደርጋሉ። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ አፉን በጭቃና በእበት ይመርጉታል፤ ምርጉ ሳይደርቅም ግራ መዳፋቸውን ያትሙበታል። የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት በጎረምሳነታቸው በማጭድ ተቆርጦ ግማሹ የለም። እንዲህ ያለ እጅ በአገሩ ሌላ ስለሌለ ማኅተማቸውን አስመስሎ የሚያትም አልነበረም። እናቴ እንኳ ለቆሎ የሚሆን ገብስ ስትፈልግ እሳቸው ከሄዱበት እስኪመጡ ትጠብቃለች። እኔ ከዚህ ቤት ነው የወጣሁት። ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለኝ «ምን ፈልጎ ይሆን» የምለው ወድጄ አይደለም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ወጣቱን ሁሉ «ተደራጁ፣ ሰልጥኑ» በሚልበት ዘመን ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ፣ ሞላሌ አቅራቢያ ካለው ቤታችን ተመልሼ ተቀምጫለሁ። በዚያው ሰሞን ደጋው አልቆ ወደ ቆላ መውረድ በሚጀመርበት ገደል ላይ ሰዉ ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ ይቆፍር ነበር። አባቴም ገብሳቸውን ሰብስበው፣ ጎተራቸውን አትመው፣ ዶማ ተሸክመው ወረዱ። ብዙ ቀን የረባ ነገር አላገኙም። በመጨረሻ አንድ ድንጋይ ይዘው መጡ። የዶሮ እንቁላል ያህላል። ቅርፊቱ ቡናማና ሻካራ ነው፤ በአንድ በኩል ግን ዶማው ገሽልጦት ውስጡ ይታያል። ማር የመሰለ ጥርት ያለ ነገር ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ከውስጡ ቀይና አረንጓዴ ይንቦገቦጋል። ቆፋሪዎቹ ውሃ እንዳይለየው ስለነገሯቸው ውሃ በሞላ ማሰሮ ከተው አልጋቸው ሥር አኖሩት። ጠዋት ጠዋት ያወጡታል፣ ውሃው ወደ ክርናቸው እየወረደ ትክ ብለው ያዩታል፣ መልሰው ይከቱታል።

ገዢ አልጠፋም ነበር። አባቴ አንዱንም ደጃፋቸውን አላስረገጡም። «ከነቅርፊቱ ካልሸጥክልኝ የሚል ሰው፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል» ይሉ ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። የአገራችን ድንጋይ ጥሬውን በከረጢት እየተጫነ ይሄዳል፤ ቆርጦ፣ አሳምሮ የሚጠቀምበት ሌላው ነው።

መሐል ሜዳ ላይ የድንጋይ ቆረጣና ማሳመር ስልጠና ሊከፈት ነው ሲባል እኔ ደስ አለኝ፣ አባቴ ሳቁ። ለመሳቅ ምክንያት ነበራቸው። ከዚያ በፊት የአጎቴ ልጅ በዚሁ ሙያ ሰልጥኗል ተብሏል። አዳራሽ ቁጭ ብለው የማሽን ሥዕል ሲታያቸው ሰነበቱ፣ አበል በሉ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ሰርተፊኬት ተሰጣቸው። ሰርተፊኬቱ መስታወት ገብቶለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማሽኑን ግን በዓይኑ አላየውም። ቆፋሪ ድንጋይ ይዞ ሊያስቆርጥ ሲመጣበት «የለም በሉት» እያለ ጓዳ ይደበቅ ነበር። አባቴ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም ሌላ መስታወት ልታስገዢኝ ነው?» አሉኝ።

እኔ ግን ሙያውን ፈልጌዋለሁ። ሽማግሌ የላከ ቤት ነበር። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ በእጄ የምሠራው የራሴ ነገር ሳይኖረኝ ከአንዱ ጎተራ ወደ ሌላው ጎተራ መሄድ አስጠላኝ። እናቴ ለመነችልኝ። በስተመጨረሻ አባቴ፣ «ሂጂና እዪው። የማይረባ ከሆነ ለሽማግሎቹ ቃል እሰጣለሁ፤ ያን ጊዜ አታልቅሺብኝ» አሉ። በማግስቱ ስንቄን ይዤ መሐል ሜዳ አክስቴ ቤት ገባሁ።

የሰለጠንበት ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ብርዱን ያልለመደ ቀጭን ሰው ነበር፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የሚያስተምር። ከዚያ በፊት ስለተሰጠው ስልጠና ሰምቶ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለን። «እኔ ጋ ወረቀት መጨረሻ ነው የሚመጣው። የራሱን ድንጋይ ከጥሬው አንስቶ አሳምሮ ያልጨረሰ ሰው ለምዘና አይቀርብም።» ማሽኖቹ በእውነት ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው እንዳይቆም ከልብስ ስፌት መኪና እግር ጋር ያያዘው ሞረድ ነበረው፤ በእግር እየረገጡ ማሽከርከር ነው። «ቤታችሁ መብራት የለም፤ እዚህ በመብራት ብቻ ባስተምራችሁ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» አለ። ይኼ ሰው አስቦበታል አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ፣ ይህን ያህል ያሰበ ሰው ለራሱስ ምን አስቦ ይሆን አልኩ።

መልሱ የመጣ መሰለኝ። በሳምንቱ፣ ሁላችንም ድንጋያችንን አምጥተን እዚያው እንድናስቀምጥ፣ ፋሲካና ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፉም እንዳንነካው ነገረን። ቤቱ ተንጫጫ። አሰልጣኙ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀና አስረዳን። ከመሬት የወጣ ድንጋይ ውስጡ ውሃ አለው። ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ያምራል፤ ከዚያ ወጥቶ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ነጋዴዎች እርጥቡን እየሸጡ፣ የገዛው ሰው ጣት ላይ እየተሰነጠቀ፣ የአገራችን ድንጋይ ስሙ ጠፍቷል። ስለዚህ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ ከአሸዋው ጋር ቀስ ብሎ፣ ወራት ፈጅቶ መድረቅ አለበት። «ደርቆ ያልተሰነጠቀውን ብቻ እመኑት» አለ። ድንጋይ የሚጠረጥር ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበርና ወደድኩት። ድንጋዬን ሰጥቼው ለመሄድ ግን አልወደድኩትም።

ድንጋዩን እንዲያመጡልኝ ለአባቴ ላክሁባቸው። በገበያ ቀን በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ማሰሮዋን በብብታቸው ይዘው መጡ። መጀመሪያ አሰልጣኙን አገሩን ጠየቁት፣ ዘመድ ቆጠሩበት። የሚያውቁት አንድም ሰው አልተገኘም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉኝ፤ እሱም ሰማ።

«እኔም እኮ እናንተን አላምንም አባት» አላቸው እየሳቀ። «ማታ ማታ ሰልጣኞቹ ሲወጡ ኪሳቸውን የምፈትሸው ለዚህ ነው።»

ይህ አባቴን ደስ አሰኛቸው። «እንግዲያው እኔም በወጌ አሽጌ ላስቀምጥ» አሉ። አሰልጣኙ ጭቃ ድንጋዩን እንደማይጎዳው፣ እንዲያውም ቀስ አድርጎ እንደሚያደርቀው ነግሮ ፈቀደላቸው። ግቢው ውስጥ ጭድና እበት ያለበት ጭቃ አቦኩ፤ ድቡልቡል አድርገው መሐሉን ጎደጎዱት። ድንጋዩን ከማሰሮው አውጥቼ ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ ጭቃው አንሷቸው ተጨማሪ ሊያመጡ ዞር ብለው ነበር፤ ተመልሰው ደፈኑት፣ ግራ መዳፋቸውንም ጫን አደረጉበት። አሰልጣኙ በሚቆልፈው ቁምሳጥን ውስጥ፣ የሌሎቹ ድንጋይ ከተቀበረባቸው የአሸዋ ጣሳዎች ጎን ተቀመጠ።

ሊሄዱ ሲሉ አጠገቤ ቆመው፣ «ይኼ ድንጋይ በደህና ከወጣ ሙያውን ያዢ። ካልወጣ ከእኔ ጋር ትመለሻለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ወራቱ እንዲህ አለፈ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ቁምሳጥኑን አስከፍቼ ማኅተሙን ማየት ነው። ጎዶሎዋ ጣት፣ የመዳፉ መስመር፣ አውራ ጣቱ ጠለቅ ያለበት ቦታ፤ ሁሉም እንዳለ ነው። ጓደኞቼ «ዶሮዋ እንቁላሏን ልታይ መጣች» ይሉኛል። «መቼ ነው የሚፈለፈለው?» ይሉኛል። እነሱም ቢሆኑ ጣሳቸውን በጎን እያዩ ነው የሚስቁ። አሰልጣኙን እንጠረጥረዋለን፣ እሱ እኛን ይጠረጥረናል፣ እርስ በርሳችንም አንተማመንም። እንዲህም ሆኖ ግን ተማርን። በጠርሙስ ስባሪና በማይረባ ድንጋይ ጀመርን። ድንጋዩን በሰም እንጨት ጫፍ ላይ አጣብቆ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ ሞረዱ ላይ ማዞር ነው ሥራው። እኔ ሞረዱን በጆሮዬ መከታተል ለመድኩ፤ ድንጋይ ሊጎዳ ሲል ድምፁ ይሻክራል። አሰልጣኙ ምስጋና የማያበዛ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ግን ከጀርባዬ ቆሞ ቆይቶ «ይቺ እጅ አላት» ብሎ አለፈ። ለራሴ ስንት ጊዜ ደገምኩት። እጄን የወደድኩት ያኔ ነው።

ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ፣ የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወላጆች ግድግዳውን ተደግፈዋል። ጣሳዎቹ አንድ በአንድ ተገለበጡ። አንዳንዱ ድንጋይ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ አሰልጣኙ ባለቤቱን «እንኳን እዚህ ተሰነጠቀ» ይለዋል፤ አብዛኛው ደህና ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ አባቴ ጭቃውን ወደ ብርሃን ይዘው ማኅተሙን መረመሩ። የገዛ እጃቸውን ልክክ አድርገው ለኩበት። «አልተነካም» አሉ፣ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በዱላቸው እጀታ ሰበሩት።

ድንጋዩ ወጣ። አንድም ስንጥቅ የለበትም። ደስታዬ አፌን ሊያስከፍተኝ ሲል የአባቴን ፊት አየሁ።

ያ ማር የመሰለው ነገር አጓት መስሏል። ነጣ፣ ደፈረሰ። ቀዩም አረንጓዴውም የለም። አባቴ አገላበጡት፣ በርኖሳቸው ላይ አሹት፣ እንደገና አዩት።

«ይኼ የእኔ አይደለም» አሉ።

አሰልጣኙ ቶሎ ብሎ «አባት፣ ሲደርቅ መልኩን ይለውጣል። እንዲህ ያለው ዓይነት ውሃው ሲወጣለት ይደፈርሳል፤ ሲቆረጥ ደግሞ...» ማለት ጀመረ።

«ሌባ ምክንያት አያጣም።»

«ማኅተምዎ አልተነካም እኮ። አሁን እርስዎ ራስዎ አሉ።»

«ጭቃው የእኔ ነው። ድንጋዩ አይደለም።» ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። «አንተን አይደለም የምለው፤ አንተ ማኅተሜን መች ታልፈዋለህ። ድንጋዩን ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀመጠችው እሷ ናት። እኔ የደፈንኩት እሷ ካስቀመጠች በኋላ ነው። ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።»

እኔ ያን ሁሉ ጠዋት ቁምሳጥን የማስከፍተው አሰልጣኙን ጠርጥሬ ነው። አባቴ ግን ቤታቸው ቁጭ ብለው ያን ሁሉ ወራት ሲያብሰለስሉ የኖሩት የእኔን እጅ ነው። እዚህ ድረስ የተጠረጠርኩ አልመሰለኝም ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ጓደኞቼ ወደ መሬት ሲያዩ ይበልጥ ጋለ። ያቺ «እጅ አላት» የተባለችው እጄን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኋት።

ከዚያ ማሰሮዋ ትዝ አለችኝ። አባቴ ያን ድንጋይ ደርቆ አይተውት አያውቁም። አንድም ቀን። ሁልጊዜ ውሃው በክርናቸው እየወረደ ነው የሚያዩት።

«ውሃ ይግባ» አልኩ።

አሰልጣኙ ደነገጠ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ያህል ጊዜ ደርቆ ድንገት ውሃ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ወራቱ ሁሉ መና ይቀራል።»

«ይሰንጠቅ» አልኩት። እንዲህ መናደዴን እኔም አላውቅም ነበር። «ሙሉ ሆኖ እኔ ሌባ ከምባል ተሰንጥቆ የእሳቸው ይሁን።»

አባቴ አሰልጣኙን ሳይሆን እኔን እያዩ «ይግባ» አሉ።

በብርጭቆ ውሃ መጣ። አባቴ ውሃውን አሸተቱት፤ ምን ሊሸት እንደሚችል እሳቸው ያውቃሉ። ብርጭቆው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፣ ድንጋዩ ገባ፣ አባቴም ማንም እንዳይጠጋ ዱላቸውን አግድም ይዘው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ትንንሽ አረፋ ከድንጋዩ ላይ እየተነሳ ወጣ። ሌላ ምንም የለም። የወረዳው ባለሙያ ሰዓቱን አየ። አንዱ ሰው አሳለ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ተነስታ ግድግዳው ጋ እስክትደርስ ቆምን። እኔ ከብርጭቆው ይልቅ የአባቴን ጀርባ ነበር የማየው፤ ከእሳቸው ጋር ወደ ቤት ልመለስ እንደሆነ እያሰብኩ።

ከጫፉ ጀመረ። ነጩ ከዳር እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ማሩ መጣ። ከዚያ አንድ ቀይ ነገር ብልጭ አለ፤ ቀጥሎ አረንጓዴው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ጥፍር በጥፍር ሲነካ የሚሰማውን የመሰለ። ጆሮዬ ስለለመደ ቀድሜ አወቅሁ። ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች።

አባቴ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «የእኔው ነው» አሉ።

ይቅርታ አላሉም። እኔም አልጠበቅኩም፣ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «አባባ፣ እኔን ነበር የጠረጠሩት?» አልኳቸው።

«ሰው ሲጠረጥር የቅርቡን ነው» አሉኝ፣ እንደ ተራ ነገር። «የሩቁ ምን አውቆ ይወስዳል?»

አሰልጣኙ ድንጋዩ እንደገና ቀስ ብሎ ካልደረቀ ስንጥቋ መሐል ድረስ እንደምትሄድ ተናገረ። አባቴ ወደ ግቢው ወጡ። ተከተልኳቸው። ጭቃ ማቡካት ጀመሩ፤ ጭድና እበቱን ራሳቸው ቀላቀሉ፤ እኔን እንኳ ውሃ አቀብዪኝ አላሉኝም። ድቡልቡሉን ሠሩ፣ ጎደጎዱ። ድንጋዩን በዚህ ጊዜ ራሳቸው አስቀመጡ፣ ራሳቸው ደፈኑ። ማኅተማቸውን ይጫኑበታል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን በርኖሳቸው ላይ ጠረጉ።

«እጅሽን አምጪ» አሉኝ።

አንጓዬን ያዙና ቀኝ መዳፌን ጭቃው ላይ አስቀመጡት፤ በእሳቸው እጅ ከላይ ጫን አደረጉት። ጭቃው ይቀዘቅዛል። የጎደለችው ጣታቸው በእኔ ጣት ላይ እንዳረፈች አስታውሳለሁ። እጄን ሲያነሱት አምስቱም ጣቶቼ ሙሉ ሆነው ታትመው ነበር። «እንግዲህ አንቺ ሳትኖሪ አይከፈትም» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ለሽማግሎቹ ምን መልስ እንደሰጡ አልነገሩኝም፤ ሽማግሎቹ ግን ተመልሰው አልመጡም።

ድንጋዩን ክረምቱ ሲወጣ ቆረጥኩት። ስንጥቋን ሞርጄ ለማስወገድ ከጎኑ ጥሩውን ክፍል መቀነስ ነበረብኝ፤ ስንጥቋ ባትኖር ኖሮ ተለቅ ይል ነበር፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ምዘናውን በእሱ አለፍኩ። ሰርተፊኬቴ መስታወት አልገባለትም፣ ሣጥን ውስጥ ነው። አሰልጣኙም ከእኛ አንድ ነገር ተማረ። ከዚያ ወዲያ ስልጠና ሲከፍት በመጀመሪያው ቀን ወላጆችን ሁሉ ይጠራል፤ ደረቅ ድንጋይ በእጃቸው ያስይዛቸዋል፣ ውሃ ውስጥ ያስገባላቸዋል፣ እስኪለወጥ ድረስ አብረውት ያያሉ። ሞረዱም ሌላው ትምህርትም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ኋላ እኔ ረዳቱ ሆኜ ስሠራ ብርጭቆውን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ወላጆቹም ውሃውን ያሸቱታል።

አባቴ አርጅተዋል። ገብሱ ሲገባ አሁንም ጎተራውን ይመርጉና ሰው ይልኩብኛል፤ ሥራዬን ትቼ ከመሐል ሜዳ እሄዳለሁ፣ መዳፌን አትሜ እመለሳለሁ። እናቴ ለቆሎ ገብስ ስትፈልግ አሁን የምትጠብቀው እኔን ነው። አምነውኝ ይሁን፣ ወይስ ቢጎድል የሚይዙት እጅ እንዳያጡ፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቃቸውም የሚሰጡኝን መልስ አላምነውም።